መርዶ የማያስፈልጋት

የወይንሐረግ ደምሴ የአባቷን ሞት የሰማችው ዱባይ፣ ዴራ ገበያ ውስጥ፣ አንድ የጅምላ ጫማ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ የማዳሟን ልጅ የትምህርት ቤት ጫማ በእጇ እንዳንጠለጠለች ነው። የነገራት ባዩ ነበር። ባዩ የቢቸና ሰው ነው፤ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ጫማና ብርድ ልብስ በጅምላ ይገዛል፣ የአገር ቤቱንም ወሬ ከዕቃው ጋር ያመላልሳል። ሰላም አላት፣ ጉንጯን ሳመ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሽ ደምሴ እኮ አረፉ። እኔ ስነሳ ተቀብረው ነበር» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ወሬው የደረሰው ሰው አፉን ይዞ ለጎረቤት ሹክ ይላል፤ ጎረቤት ዘመድ ይሰበስባል፤ ዘመዱ ጎህ ሳይቀድ፣ ሐዘንተኛው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ቤቱን ሞልቶ ይገባል። አንድ ትልቅ ሰው አንዲት ቃል ይናገራል፣ ከዚያ እሪታው ይቀልጣል። ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሲወድቅም የሚደግፈው እንዳያጣ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ አገር ሁሉ ሰምቶ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ባዩ ይህን ወግ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። «ለእህትሽ ነው እንጂ የፈራሁት፣ ለአንቺማ መርዶ ምን ያደርግልሻል» አላት። ክፋት አስቦም አልነበረም። አገር የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

አገር የሚያውቀው ደግሞ ይህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወንድማቸው እያሱ ሰሜን ጦር ግንባር ወድቆ መርዶው ቢቸና ሲደርስ፣ እናታቸው የሺአረግ እሪታውን እንደሰማች ከመደቡ ላይ ዘፍ አለች፤ አልተነሳችም። ትንሿ ልደትም ከእናቷ ጎን ተዘረረች፤ እሷ ግን ነቃች። ቆማ የቀረችው የወይንሐረግ ብቻ ነበረች። የእናቷን ራስ ቀና አድርጋ «ውሃ! ውሃ!» አለች፤ የሚሰማት ስታጣ ራሷ ሮጣ ከእንስራው ቀድታ መጣች። የሰፈሩ ሴቶች እንባቸውን እየጠረጉ አይተዋታል። በማግስቱ አልቃሿ የእናቲቱን ፍቅር በግጥም አወረደችው፤ ልጇን ብቻውን አላስኬደችውም፣ ተከትላው ሄደች፣ እናት ማለት እንዲህ ነው ተባለ። ስለ የወይንሐረግ የተባለው ግን አጭር ነበር፦ «ይቺ ድንጋይ ናት።»

ድንጋይ የሚለው ስም ባሕር ተሻግሮ ተከተላት። ዱባይ ገብታ አል ማምዛር ሰፈር አንድ ቤት ስትቀጠር፣ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ያሉት የአገሯ ልጆች ታሪኩን ከሷ ቀድመው ሰምተውት ነበር። የከፋው ግን እሷም ማመኗ ነው። ሌሊት ሌሊት እናቷን ታስባለች፤ ታስብና ታፍራለች። እናቴን ብወዳት ኖሮ እወድቅ አልነበር? ትላለች።

ልደትን ቪዛ አስወጥታ ያስመጣቻት እሷ ናት። ልደት ሻርጃ አንድ ቤት ገባች፤ በሳምንቱ የበሩ ደወል ሲጮህ ወደቀች። ማዳሟ ስትጮህባት ወደቀች። የቤቱ ልጆች ነገሩ ሲገባቸው ከመጋረጃ ጀርባ እየተደበቁ «ባ!» ይሉባት ጀመር፤ ስትወድቅ ይስቃሉ፤ ስትነቃ ይደግሙታል። ማዳሟ በመጨረሻ «መጅኑና ናት፣ እብድ!» ብላ ለኤጀንሲው መለሰቻት። የወይንሐረግም አልማረቻትም። አንድ ዓርብ ልደት ስልክ ሲጮህ እሷ ፊት ስትወድቅ «ማስመሰሉን ተይ!» ብላ በጥፊ አለቻት። ቅናትም ነበረበት። በነሱ ቤት መውደቅ የፍቅር ምልክት ነበርና፣ ይቺ ደግሞ ለበር ደወል ሳይቀር ትወድቃለች።

ልደት ሮላ፣ እትዬ ፀዳለ አልጋ በአልጋ በሚያከራዩት ቤድ ስፔስ ውስጥ አንድ አልጋ ተሰጣት። እዚያ ያሉት ሴቶች ዛር ነው አሉ፣ የሚጥል በሽታ ነው አሉ፤ በወደቀች ቁጥር ክብሪት እየጫሩ አሸተቷት። የወይንሐረግ የማዳሟን አማት ኡድ ሜታ ወዳለ የልብ ሐኪም ትወስዳቸው ነበርና፣ አንድ ቀን ድፍረት አግኝታ ሐኪሙን ስለ እህቷ ጠየቀቻቸው። ዶክተር አብዱራዛቅ ሱዳናዊ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ከበሽተኛው ይልቅ በሽታውን የሚወዱ ዓይነት። «አምጫት» አሏት።

ልደትን አልጋ ላይ አስተኝተው ሽቦ በሽቦ አደረጓት። ማሽኑ የልቧን ምት እየሳለ ወረቀት አወጣ። ዶክተሩ ወረቀቱን አዩት፣ መነጽራቸውን ቀይረው እንደገና አዩት፤ ከዚያ ልደትን ወደ ውጭ አስወጥተው የወይንሐረግን ጠየቋት።

«ከቤተሰባችሁ በድንገት የሞተ ሰው አለ?»

«እናቴ።»

«ምን ሰምታ?»

የወይንሐረግ ደነገጠች። ምን ሆና ብለው አይደለም የጠየቋት፤ ምን ሰምታ ነው ያሉት። የወንድሟን ነገር፣ የእሪታውን ነገር ነገረቻቸው። እሳቸውም ወንበራቸውን ወደሷ ሳብ አድርገው ያስረዷት ጀመር። ልብ በመታ ቁጥር ለሚቀጥለው ምት እንደገና መሙላት አለበት አሏት፤ ልክ እንደ መጸዳጃ ቤት የውሃ ታንከር። አንዴ ከለቀቅሽው እስኪሞላ ትጠብቂያለሽ። የእህትሽ ልብ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ሳይሞላ ድንጋጤ ከደረሰበት ምቱ ይዘበራረቃል፤ መምታቱን ትቶ ይርገበገባል። ራሱ ከተመለሰ ትነቃለች፤ ካልተመለሰ አትነቃም። ምሳሌው የሚያምር አይደለም፤ የወይንሐረግ ግን በየቀኑ መጸዳጃ ቤት የምታጥብ ሰው ናትና ከቃሉ ሁሉ ይበልጥ እሱ ገባት።

ከዚያ ዶክተሩ ለማን እንደሚያወሩ ረሱ። የበሽታውን ስም እንጂ ሥሩን አናውቅም ነበር አሏት፤ አሁን፣ ገና ሁለት ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከነሥሩ አገኙት። በልብ ሥጋ ላይ ጨው የሚገባበትና የሚወጣበት በር አለ፤ የዚያ በር ንድፍ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲጻፍ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች፤ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ደም መርምረው ነው የደረሱበት። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን መጽሔት እያገላበጡ ዓይናቸው በራ። ለሳቸው ግሩም ነገር ነበር። ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ወደ ላይ ወረወሩና በመዳፋቸው ቀለቡት። «ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲህ ነው» አሏት። ዘውድ ወይስ ጎፈር፣ አለች በልቧ።

«ነይ፣ አንቺም ተኚ።»

ማሽኑ የሷንም ልብ ሳለው። ዶክተሩ ወረቀቱን አንዴ አዩት፣ መድገም አላስፈለጋቸውም። «ያንቺ ምንም እንከን የለውም። አልወረስሽውም» አሉ። «እናትሽን የገደላት ሐዘን አይደለም። ሐዘን ሁላችሁንም እኩል መትቷችኋል። የሷ ልብ ስላልሞላ ነው።»

የወይንሐረግ ሽቦው ደረቷ ላይ እንዳለ አለቀሰች። ለወንድሟ ያላለቀሰችውን፣ ለእናቷ ያላለቀሰችውን፣ ድንጋይ ለተባለችበት ዘመን ሁሉ ጭምር ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያየቻት አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ብቻ ነበረች።

ልደት በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ታዘዘላት። ድንገተኛ ጩኸት፣ ድንገተኛ ወሬ አይድረስባት ተባለ። የወይንሐረግ የሮላውን ቤት የበር ደወል ሽቦ አስቆረጠች፤ ስልኩንም በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ልደት ኪኒኑን እየዋጠች ሁለት ወር ሙሉ አልወደቀችም።

እንግዲህ ባዩ ጫማ ቤቱ በር ላይ «ጋሽ ደምሴ አረፉ» ሲላት የወይንሐረግ መጀመሪያ ያሰበችው አባቷን አልነበረም። «ለማን ለማን ነገርክ?» አለችው። ባዩ ይህንንም ለድንጋይነቷ ቆጠረው።

«ለእትዬ ፀዳለ ነግሬያለሁ። አባትሽ ሳይሞቱ ለልደት ያስቀዱላትን ጠበል ላደርስ ሄጄ።»

ከሱቁ ስልክ ለምና ለዶክተሩ ደወለች። ዶክተሩ በጥሞና ሰሟት። «መደበቁ አይበጅም፣ ከሌላ ትሰማዋለች» አሉ። «ነገ አቡዳቢ ነኝ፣ ዓርብ ዝግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አምጫት። መድኃኒቷን ወስዳ፣ እዚህ ተኝታ፣ ማሽኑ እያያት፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ። ማልቀስ ታልቅስ፤ አይገድላትም። የሚገድላት ድንገቱ ነው።»

የማዳሟን ሹፌር ተለማምጣ በሮላ በኩል አስዞረችው። ልደት በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። እህቷን ስታይ በእርጥብ እጇ አቀፈቻት።

«ባዩ መጣ አሉ! አባባ ምን አሉ?»

«ደህና ናቸው። ጠበሉን ልከውልሽ የለ።»

«ዓይናቸውስ? ብሷቸዋል እንዴ?» አለች ልደት። «እኔ እኮ ጤናዬ ከተመለሰ ሹግል ገብቼ፣ ሠርቼ መጀመሪያ የማደርገው እሳቸውን ማሳከም ነው። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታዪኝ?»

«ከስተሻል ብዬ ነው» አለች የወይንሐረግ። ፈጥና ወደ ወጥ ቤቱ ገባችና በሩን ዘጋች።

እትዬ ፀዳለ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ሮላ ላይ የታመመ የሚጠይቁ፣ የሞተ የሚያስለቅሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው፤ ያለሳቸው መርዶ ተነግሮ አያውቅም። የወይንሐረግ ዶክተሩ ያሉትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ከዚያ «ኪኒኗን እየዋጠች ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ጠበል ይዛለች። ጠበል የያዘ ኪኒን እንደማይደባልቅ እኔ ልንገርሽ?»

የወይንሐረግ የሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ተንበረከከች። «እትዬ፣ እግርዎን ልሳም። ኪኒኑን ትዋጥ። መርዶውንም እስከ ቅዳሜ ይያዙልኝ።»

«መርዶ በቀጠሮ! የሚያረዳትስ ማን ሊሆን ነው? ሱዳኑ?»

«እኔ ነኝ የምነግራት።»

«አንቺ!» አሉ እትዬ ፀዳለ።

«እናታችንን የገደላት እሪታው ነው እትዬ። በሽታ ነው። ልደትም ይህንኑ ወርሳለች፤ ሐኪሙ በማሽን አይተውታል።»

እትዬ ፀዳለ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እናትሽን የገደላት ፍቅር ነው። አሁን ደግሞ እሱንም ልትነፍጊያት ነው? በሽታ ነበረባት ልትይ? አፈር በሆነች እናትሽ ላይ?»

የወይንሐረግ አልተነሳችም። ስለ ክርስቶስ አለች፣ ስለ እመቤቴ አለች፣ ስለ ሞተው ልጅዎ አለች። በመጨረሻ እትዬ ፀዳለ የአንገታቸውን ማተብ ያዙና «ማርያምን፣ እስከ ቅዳሜ ከአፌ አይወጣም። ኪኒኑንም ትዋጥ» አሉ። የወይንሐረግ እግራቸውን ስማ ወጣች።

ማዳሟ የቅዳሜውን ፈቃድ በነጻ አልሰጠቻትም። «ቅዳሜ ከወጣሽ ዓርብ አትወጪም። ዓርብ ለምሳ እንግዳ አለኝ። ኸላስ» አለቻት። የወይንሐረግ መሐላ በእጇ ስለነበረ ዓርቧን ሳትከራከር ሰጠች።

የሆነውን ሁሉ የሰማችው በኋላ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንድይፍራው ከዓጅማን መጣ። ወንድይፍራው የታክሲ ሹፌር ነው፤ የጋሽ ደምሴ የአጎት ልጅ፣ በዚያ አገር ላሉት የደምሴ ልጆች ያላቸው አንድ የሥጋ ዘመድ። ባዩ ዓጅማን ድረስ ወሬውን አዳርሶት ነበር። «የደምሴ ልጅ ያባቷን ሞት መንገድ ላይ ልትሰማ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ደግሞ ሴቶቹ ከየማዳማቸው የሚወጡት ዓርብ ብቻ ነው፤ ዓርብ ካለፈ አንዲት ሰው አትገኝላትም፤ ልጅቱ እንደ ውሻ ብቻዋን ልታለቅስ ነው።

እትዬ ፀዳለ ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። መሐላቸው ከነከናቸው፤ አሰቡ፤ አሰቡና መላ አገኙለት። «እኔ ከአፌ አይወጣም ብዬ ነው የማልሁት» አሉ። «ተናጋሪው አንተ ነህ።» ኪኒኑን ግን ረሱት። ልደትም ጠበሏን ላለማበላሸት አልዋጠችም።

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ወንድይፍራው የዓጅማኖቹን ሴቶች በሁለት ምልልስ አመጣቸው። የሮላዎቹም ተጨመሩ። ጥቁር ሻሽ ያላት ሻሽ አሰረች፤ የሌላት የማዳሟን አባያ ለበሰች። እንዳትነቃ ብለው ጫማቸውን ደረጃው ላይ አወለቁ። የደወሉ ሽቦ የተቆረጠ ነው፤ ማንም አልደወለም። ያን ያህል ተጠንቅቀውላታል።

ልደት ከታችኛው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሴቶቹ ክፍሉን እስኪሞሉት ጠበቁ፤ ከዚያ መብራቱ በራ። ዓይኗን ስትገልጥ በላይዋ ላይ የተደረደረ ፊት አየች። ወንድይፍራው «ልደትዬ፣ አባትሽ ጋሽ ደምሴ…» ሲል፣ ያቺ እስክትፈነዳ የተያዘች እሪታ ከሁሉም ጉሮሮ በአንዴ ወጣች። ልደት በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። በፊቶቹ መካከል የምትፈልገው ሰው ያለ ይመስል አየት አየት አደረገች። «የወይንስ?» አለች፤ ከዚያ ወደ ኋላዋ ወደቀች።

መውደቋ አዲስ ነገር አልነበረም። አንዷ ውሃ ረጨችባት፣ አንዷ ክብሪት ጫረች፣ እትዬ ፀዳለ «ተዉአት፣ እስክትነቃ አልቅሱላት» አሉ። እስክትነቃ ለአባቷ አለቀሱላት። ደረት ተደቃ፣ ሙሾ ወረደ፣ የጋሽ ደምሴ ደግነት ተነሳ። አንዲት ሴት ልታጽናናት እጇን ስትይዝ፣ እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ የወይንሐረግ አል ማምዛር ወጥ ቤት ውስጥ የእንግዶቹን ዓሣ ቅርፊት ታራግፍ ነበር። ነገን እያሰበች ነው። ልደትን ምን ብዬ ልጀምርላት? መጀመሪያ አባባ ታመው ነበር ልበላት? እጇን ይዤ ልንገራት? ቃላቱን በልቧ ትሰድራለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ትሰድራለች። ስልኩ ጮኸ፤ ማዳሟ አነሳችና «ያላ፣ ላንቺ ነው! አሳጥሪው!» አለቻት።

«የወይንሐረግ? እኔ ነኝ፣ ፀዳለ።» ከጀርባቸው ዋይታ ይሰማል። «ልደት ሞታለች። ነይ።»

የወይንሐረግ የስልኩን መነጋገሪያ ዓሣ በነካ እጇ ይዛ ቆመች። ስትናገር የወጣው ድምፅ የሷ አይመስልም ነበር።

«ምን ሰምታ?»

«አባቷን ሰምታ ነዋ! ምን ሌላ አለ?» እትዬ ፀዳለ ሳግ ያዛቸው። «እንደ እናቷ ሆነች እኮ፣ ልክ እንደ እናቷ! ልብ ያላት ልጅ! ሰው ሁሉ ጉድ እያለ ነው። አባቷን ብቻውን አላስኬደችውም። ወንድይፍራው ቢቸና ይሰማል፣ ስሟ ይነሳል እያለ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአንቺም ሰብሰብ ብለን መምጣት ነበረብን፤ ወጉ እሱ ነበር። ግን ከዚህ ሬሳ ጥሎ ማን ይመጣል? አንቺ ደግሞ ትችይዋለሽ።»

ስልኩን ዘጋች። ማዳሟ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ሙሽኪላ? ችግር አለ?»

«እህቴ ሞተች።»

ማዳሟ ፊቷን ትኩር ብላ አየችው። እንባ ፈለገችበት፣ አጣች። «ዋላሂ?» አለች፤ ማመን እንዳቃታት ያስታውቃል። ቀጥላ ሰዓቷን አየች። «እንግዶቹ ይብሉና ሹፌሩ ያደርስሻል። ዓሣው እንዳያርርብሽ።»

የወይንሐረግ ወደ ማጠቢያው ተመለሰች። ቢላዋውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ቅርፊት የተለጣጠፈበትን እጇን ደረቷ ላይ ጫነችና ዓይኗን ጨፈነች። መውደቅ ፈለገች፤ በሕይወቷ እንደዚህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር የለም። እናቷ የሄደችበት፣ እህቷ የሄደችበት መንገድ ለሷም እንዲከፈት ጠበቀች። ልቧ መታ። ሞላ። ደግሞ መታ፣ ደግሞ ሞላ። ዶክተሩ እንዳሉት ምንም እንከን የለበትም ነበር።